ለዘነበች ለቅሶ የተቆረጡት ወይራዎች

ይድረስ ለዘኔ፣ ለቤቴ ራስ፤

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ወር መቁጠር ላይ እንደማልረባ ታውቂያለሽ፤ ሙት ዓመትሽን እንኳ ልጃችን መሠረት ናት ያስታወሰችኝ። ክረምቱን ግን አልስትም። ሚስቱ ዘነበች የምትባል ሰው ዝናብ ሲመጣ ወዴት ይሸሻል?

እንደምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ያለሽበት ቦታ መልካም እንደሆነ ቄሱም ነግረውኛል፤ ሼህ እንድሪስም ነግረውኛል። ሁለቱ እንዲህ አንድ ቃል ሲሆኑ ብዙ ጊዜ ስለማላይ አምኛቸዋለሁ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ስለ መላጣው ጋራ ስብሰባ ተደርጎ ነበር። ጋራሽን ለየቤቱ ሊከፋፈሉት ወሰኑ። ከስብሰባው እንደወጣሁ ልነግርሽ በቀጥታ መቃብርሽ ዘንድ ሄድኩ፤ አፌ አልከፈት አለኝ። ዳር ዳሩን የበቀለውን አረም ነቃቅዬ ተመለስኩ። ለዚህ ነው ዛሬ ጋራዡን ዘግቼ በመሠረት አሮጌ ደብተር ላይ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት። እጄ ከብዕር ይልቅ ብረት ነው የለመደው፣ በፊደሌ አትሳቂ።

ነገሩ የጋራው ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ጋራውን ለመጥረቢያ የከፈትኩት ግን እኔ ነኝ። ያንን ከእኔ አፍ እንጂ ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም። ደግሞ ሰው እዚያም ወሬ እንደሚያደርስ አላጣውም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። መሠረት ወልዲያ እያስተማረች ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣና እንዳንቺ ታዘኛለች፤ በግሪስ እጅህ በሩን አትንካ፣ ያን ሸሚዝ አውልቀው፣ እህል ቀመስክ ወይ። ድምፅዋ እየመሰለሽ ሄዷል፤ አንዳንዴ ከጓዳ ስትጠራኝ «እመጣለሁ ዘኔ» እላለሁ። ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። የመኝታ ቤቱን መስኮት ሠራሁት። አሥር ዓመት ሙሉ ስትለምኚኝ የነበረው የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ጨርሼው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። የጓሮሽ ፓፓያ አርጅቶ ወድቋል። ታናሽ ወንድምሽ ደመቀ ከሳውዲ ተመልሷል፤ ማለቴ መልሰውታል። ከለበሰው ልብስ በቀር ምንም ይዞ አልመጣም። የኋላ ክፍሏን ለቀቅኩለት፤ አንቺም ይህንኑ ታደርጊ ነበር።

አሁን ወደ ጋራው ልመለስ። መላጣው እውነትም መላጣ የነበረበትን ዘመን አስታውሳለሁ። ከመርሳ ገበያ ቀና ብሎ ያየው ሰው ድንጋይ እንጂ ሌላ አያይም ነበር። በክረምት ጎርፉ ከላይ ድንጋይ እያንከባለለ ማሽላውን ይቀብረዋል፤ አንድ ጊዜም ጋራዤ ድረስ ገብቶ የሰው ሞተር በጭቃ ሞላብኝ። ከዚያ ያ ፕሮጀክት መጣ። ነጭ መኪና ቆመ፣ ታፔላ ተተከለ፣ ሰው ለእርከን ሥራ ተመዘገበ። አንቺ መሠረትን አዝለሽ አፈር ልትሸከሚ ሄድሽ፤ ሳይቆይ የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ሆንሽ። እኔ ደግሞ ራሰ በራ ላይ ፀጉር ሊተክሉ መጡ እያልኩ ጋራዥ ውስጥ ሰው አስቅ ነበር። ያችን ቀልድ ምን ያህል ጊዜ እንዳስከፈልሽኝ አንቺም እኔም እናውቃለን።

ፕሮጀክቱ ጊዜው አልቆ ሲሄድ ታፔላው ቀረ፣ አንቺም ቀረሽ። ወይራ አልበቅል ብሎሽ ስትንገበገቢ የነበረውን አልረሳም። የፍሬው ልባስ እንደ ድንጋይ ነው፤ ብትነክሪው፣ ብትቀብሪው እሺ አይልም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በነጠላሽ ጫፍ ቋጥረሽ ወደ ጋራዥ መጣሽና ብረት የምይዝበትን ሞርሳ ክፈት አልሽኝ። እየመረጥሽ አንድ አንዱን ፍሬ በሞርሳው መሀል ታስቀምጫለሽ፣ እኔ ቀስ እያልኩ አጠብቃለሁ፤ ልባሱ ጠቅ ሲል ማቆም ነው። ትንሽ ካለፈ ውስጡ ይደቅቃል። የመጀመሪያውን ቀን ከሰነጠቅኩት የፈጨሁት ይበልጣል። አንተ ማጥበቅ እንጂ ማላላት አታውቅም አልሽኝ፤ ስለ ወይራ ብቻ እንዳልነበር ገብቶኛል። ሹፌሮቹ መኪናቸው ተፈትቶ እየጠበቁ እኛ ጆሯችንን ወደ ሞርሳው አድርገን ጠቅ የምትለዋን እናዳምጣለን። በሁለተኛው ሳምንት እጄ ለመደ። እነዚያ ወይራዎች በቀሉ። አገሩ ሁሉ «የዘነበች ወይራ» ሲል ግማሹ የእኔ ሞርሳ ነው ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ ጻፍኩት።

ሌላው ሰው የተከለውን ይቆጥራል፤ አንቺ አትቆጥሪም ነበር። ከቢሮ የመጡት ሰዎች በሐምሌ ጭቃ ላይ ቆመው ስንት ተተከለ ሲሉሽ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ፀሐዩ ከፈተነው በኋላ ኑ ትያቸዋለሽ። አንዱን አለቃ ፎቶ ሊነሳ ሲሰናዳ «የተተከለውን አትጠይቁኝ፣ የጸደቀውን ጠይቁኝ» ብለሽ አሳፈርሽው። ሼህ እንድሪስ ይህን ሰምተው፣ በኛ ሃይማኖት ማን እንደሚጸድቅ የሚያውቀው አላህ ነው፣ በመርሳ ግን ዘነበች ናት እያሉ ያሾፉብሽ ነበር። አንቺም ለእሳቸው ቦታ እንዳለ አይተሽ እንደምትነግሪያቸው ትመልሺላቸዋለሽ።

ሕጉን ያወጣሽውም አንቺ ነሽ። ጋራው ተከለለ። ከብት አይገባም፣ መጥረቢያ አይገባም፤ ሣር የፈለገ በማጭድ አጭዶ ይሸከም። መፋቂያ እንኳ አይቆረጥም ተባለ። ሰዉ በዚህች በመፋቂያዋ ሳቀ፤ የለቅሶ ዕድራችንን፣ ቅሬውን፣ የሚመሩት ሼህ እንድሪስ ራሳቸው ለጁምዓ ሲወርዱ አንዲት የወይራ ቅርንጫፍ ቀጥፈው አንቺ ዓይን ላይ እስኪወድቁ ድረስ። ስብሰባ ጠርተው፣ ራሳቸው ሰብሳቢ ሆነው፣ ራሳቸውን ቀጡ። ከዚያ ወዲህ በመፋቂያ የሳቀ የለም። ሣሩ ወገብ ደረሰ። ከእናትሽ ልጅነት ጀምሮ ደርቆ የነበረው ምንጭ እንደገና እርጥበት አሳየ፣ ቀጥሎም ጮርር ብሎ ወረደ። ያን ዕለት እናትሽ ውኃውን በእፍኛቸው ይዘው ሳይጠጡት ለረጅም ጊዜ ቆመው ነበር።

በዚያ ክፉ የጦርነት ጊዜም ጋራው ሰው ደበቀ። ስንቱ ከነልጆቹ ዛፎችሽ ሥር እንደሰነበተ አንቺ ነሽ የምታውቂው፤ ጥሬ ስታካፍዪ የነበርሽው አንቺ ነሽና። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። መፍቻዎቼ ሁሉ ሄደዋል፤ ሞርሳው ብቻ ከጠረጴዛው ጋር ስለታሰረ ቀርቷል። የቅሬው ድንኳን ከነብረቱ፣ ከነሸራው ጠፍቷል። አንቺ ቤቱን እንኳ በቅጡ ሳታዪ ወደ ጋራው ወጣሽ። ማታ ወርደሽ ሁሉም አለ አልሽኝ፤ ስለ ሰው የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ አንቺ ታመምሽ። የሕመሙን ነገር አልደግመውም፤ የወልዲያን መንገድ ስንመላለስ የነበረውን አንቺም ታውቂዋለሽ። ያረፍሽው በሚያዝያ ነው። የዚያን ወር ፀሐይ ታውቂያለሽ። ሰዉ ከግራናም፣ ከሲሪንቃም መጣ፤ አሮጊቶቹ በጠራራው ተቀምጠው ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ደርበው ያለቅሳሉ። ድንኳን የለም። ሼህ እንድሪስ ከሰዉ መሀል ተነስተው አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ፈቃድህ ከሆነ ከጋራው ጥቂት እንጨት አምጥተን ዳስ እንጣልላት። ለሷ ያልሆነ ለማን ይሆናል?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ያደረግኩት ይኸው ነው፤ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጎረምሶቹ መጥረቢያ ይዘው ወጡ። እዚያው ተቀምጬ የመጥረቢያውን ድምፅ እሰማ ነበር። ለአንቺ ስለሆነ ጠማማውን አልወደዱም፤ ቀጥ ቀጥ ያሉትን፣ የመጀመሪያዎቹን፣ የሞርሳዎቹን ወይራዎች መርጠው አመጡ። ቅጠላቸው ገና አልጠወለገም። ሦስት ቀን በጥላቸው ሥር ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዘኔ፣ ደስ አለኝ። የእንጨቱ ሽታ ካንቺ ልብስ የማውቀው ነበር፤ መጥተሽ ያጠለልሽን መሰለኝ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ስለ ሕጉ ያነሳ የለም። የረሳውም ረስቶ፣ ያስታወሰውም በሷ ለቅሶ ላይ ይህን ማንሳት ነውር ነው ብሎ ዝም አለ። እኔ ግን አልረሳሁም ነበር። ያኔ እምቢ ለማለት አቅም አጣሁ እንጂ አላወቅኩም አልልሽም።

የቅሬን ነገር ታውቂዋለሽ። ለአንዱ የተደረገ ለሌላው አይከለከልም፤ ሀብታሙም ድሃውም የሚሄደው በአንድ ቃሬዛ ነው። አርባሽ ሳይወጣ የላይ ሰፈር አንድ አባት ሞቱ። ልጆቻቸው መጥተው ለዳስ የሚሆን እንጨት ጠየቁ፤ የቅሬው ኮሚቴ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። የእኔ ሚስት ስትሆን ይቆረጥ፣ የእናንተ አባት ሲሆን ፀሐይ ይብላው እንዴት ልበል? ተቆረጠ። ቀጥሎ አንዲት እናት አረፉ። ቀጥሎ ሠርግ መጣ፤ ለለቅሶ የተፈቀደ ለሙሽራ ይከለከላል ወይ ተባለ። ቀጥሎ በክፉው ጊዜ የተቃጠለ ቤት የሚሠራ ሰው ለማገር ለመነ። መብራት ሲጠፋ ሰነበተና ማገዶ ሆነ። በመጨረሻ ከሰል ሆነ። አንድ ሰው ተነስቶ ጋራውን እናጥፋው ብሎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ድንጋይ ይዘን በተነሳንበት ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ግን አልመጣም። የመጣው ሁሉ የቸገረው ነው፤ ለየብቻ ስታዪው የሁሉም ልመና እውነት ነው። በተቃወምኩ ቁጥር በክፋት ሳይሆን በለሆሳስ፣ እንደ ማጽናናት አድርገው «ለዘኔም ተቆርጧል እኮ» ይሉኛል። ያን ጊዜ እቀመጣለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገርሽ። ከሰል ከሚያከስሉት አንዱ ደመቀ ነው። አንድ ቀን ጭሱን ተከትዬ ወጣሁ፤ ፊቱ ጠቁሮ፣ አፈር ያለበሰውን እንጨት እየጠበቀ አገኘሁት። ሲያየኝ ለአክብሮት ተነስቶ ቆመ። ከሐራ እስከ ወልዲያ ሥራ ፈልጎ እንዳጣ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ የእኔም ጋራዥ ነዳጅ ከጠፋ ወዲህ ለአንድ ሰው እንኳ የሚበቃ ሥራ የለውም። ልቆጣው ብዬ ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉቶውን ዝቅ አድርጎ እንደማይቆርጥ፣ እንዲያቆጠቁጥ ከፍ አድርጎ እንደሚተወው፣ ይህንንም አንቺ እንዳስተማርሽው ነገረኝ። የሚመሰገን ነገር እንደሠራ ሰው ነው የነገረኝ። ያቆጠቆጠውንም ፍየል እንደሚበላው ያውቃል። ተነስቼ ወረድኩ። ማታ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ለቤት ይዞ መጣ። ሽሮዬን በዚያ ከሰል እየሠራሁ ነው ስለ ጋራው የምቆረቆረው።

አንድ አይሱዙም ከሰል እንደጫነ ባሌስትራው ተሰብሮ ጋራዤ በር ላይ ቆመ። ሥሩ ገብቼ ስፈታ የከሰሉ ብናኝ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ከየት እንደጫነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እምቢ አልሠራም ብል ሌላ ጋራዥ ገፍተው ይወስዱታል፤ ይህን ለራሴ ነገርኩት። ሠርቼ ላክሁት።

ምንጩ በግንቦት ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ፣ ከዚያ ቆመ። ሴቶቹ እንደ ድሮው ጀሪካን ይዘው ወንዝ ይወርዳሉ። ጎርፉም መንገዱን አልረሳም፤ ባለፈው ሳምንት ድንጋይ ይዞ ጋራዡ ጀርባ ድረስ መጥቷል። ጋራው ሲለመልም ስሙን ሳንቀይር መላጣው ስንለው ኖረን፣ አሁን ስሙ እውነት ሆኖ አረፈው።

በዚህ ሐምሌ ደግሞ ሌሎች መጡ። አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ አዲስ ታፔላ ይዘው፣ ከመንገዱ ዳር ችግኝ ተከሉ። ብታዪ ትጮሂ ነበር፤ ብዙዎቹ ከነፕላስቲክ ከረጢቱ ነው የቀበሩት። ሥሩ ወዴት ይሂድ? ክፋት የለባቸውም፣ ልጆች ናቸው፣ የሚያሳያቸው አልነበረም። በማግስቱ ጠዋት ወጥቼ ወገቤ እስኪያቅተኝ አንድ በአንድ እየነቀልኩ ከረጢቱን አወጣሁ፣ መልሼ ተከልኩ። ከሰዓት ፍየል ገባበት። ከረጢት ያወጣሁላቸው ተበሉ፤ ያላወጣሁላቸው እየደረቁ ነው። አንቺ ብትኖሪ ፍየሏን ከነባለቤቷ ታስሪያት ነበር። እኔ ያንቺ ዓይነት ድምፅ የለኝም። ስቆጣ ሰው የቀለድኩ ይመስለዋል።

የትናንቱ ስብሰባ እንግዲህ በዚህ ላይ ነው የመጣው። የተባለው ይህ ነው፤ የጋራ የሆነውን ማንም አልጠበቀው፣ ለየቤቱ ይከፋፈልና ሁሉም የድርሻውን ይጠብቅ፤ የፈለገ ይረስ፣ የፈለገ ይትከል። መጥፎ ሐሳብ ነው ብዬ ልከራከር አስቤ ነበር፤ ስሰማው ግን እውነት አለበት። ቢሆንም ተነሳሁ። በሰው ፊት ቆሜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ያን ቀን ራሴን የነቀነቅኩት ተሳስቼ እንደሆነ ነገርኳቸው። ዘነበች ቀና ብላ ብታይ ኖሮ ፀሐይ ላይ መለቀሱን ትመርጥ ነበር አልኩ። የተጀመረው ከእኔ ቤት ስለሆነ ከእኔ ቤት ይቁም ብዬ በቅሬው መዝገብ እንዲጻፍልኝ ጠየቅኩ።

«እኔ ስሞት ዳስ አትጣሉልኝ። ሰዉ በፀሐይ ይቀመጥ፤ ያልቻለ ቶሎ ይሂድ» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ለጥቂት ጊዜ የያዝኳቸው መሰለኝ፣ ዘኔ። አንዲት ሽማግሌ ሴት እንዲህ ያለ ቃል በቁሙ የሚናገር ሰው ቅሬውን ይረግማል፣ መርሳ ሁሉ ምን ይለናል ብላ ቀስ ብላ ገሠጸችኝ። ተቀመጥኩ። እጅ አውጡ ተባለ። እጅ ወጣ። ደመቀ መጀመሪያ እኔን አየኝ፣ ዓይኑን ሰበረና እጁን አወጣ። ሼህ እንድሪስ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው የምጠላው ፈልጌ አንድም አጣሁ። አንድ የምጠላው ባገኝ ይቀለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ሼህ እንድሪስ ጋራዥ መጥተው ተከተለኝ አሉኝ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። መላጣውን ስንወጣ ሦስት ጊዜ አረፍን። ከላይኛው እርከን አልፈው፣ ከትልቁ ቋጥኝ ጀርባ ወሰዱኝ። አራት ወይራ ቆሟል። ቀጥ ያሉ፣ ቅጠላቸው ጥቅጥቅ ያለ፣ ዙሪያቸው በእሾህ የታጠረ። አጥሩ የትናንት አይደለም፤ ቆየት ብሏል። ኮሚቴው ከክፍፍሉ እንዳወጣቸው፣ ማንም እንዳይነካቸው እንደተማማሉ ነገሩኝ። ልቤ ተነሳ። እንግዲያው የሚያስብ ሰው ነበር አልኩ። አንድ ቦታ ላይ ከኔ ተደብቆ አንቺን የሚጠብቅ ሰው ነበር። ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ልስም ነበር።

እሳቸው ቀድመው ትከሻዬን ያዙ።

«ወላሂ ማንም አይነካቸውም። ላንተ ነው ያስቀመጥናቸው። ትናንት ያልከውን ሰምተናል፤ ግን የዘነበችን ባል ያለ ዳስ አንቀብርም» አሉኝ።

ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ስጦታ የሰጠኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልቆጣው? አላህ ይስጥልኝ አልኳቸው። እሳቸው ቀድመው ወረዱ፤ እኔ ትንሽ ቆየሁ። ግንዱን በእጄ ዳሰስኩት። ለምሰሶ የሚሆነው የቱ እንደሆነ በእኔ ዓይን እንኳ ይታያል።

ከጋራሽ የቀሩት እንግዲህ እነዚህ አራቱ ናቸው። የሚቆሙትም እኔ እስካለሁ ድረስ ነው። ሌላ ዘዴ ቢኖር ሳስብ ዋልኩ፤ አላገኘሁም። ካንቺ ወዲህ ስለ መኖር ብዙ አልተጨነቅኩም፤ ግፊት አለብህ ተብዬ የታዘዘልኝን ክኒን ከመሳቢያ ከትቼ ከርሜአለሁ፤ ለመሠረት እየዋጥኩ ነው እላታለሁ። ዛሬ ከጋራው ወርጄ በቀጥታ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ጨው ቀንስ አሉኝ። እሺ አልኩ። አንቺ ስትነግሪኝ እሺ ብዬ እንደማላውቅ አስታውሼ አፈርኩ።

አልረሳሽም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ የማትረሺ ስለሆንሽ ይህን በማለት አላደክምሽም። የምገባልሽ ቃል ሌላ ነው። በናፈቅሽኝ ቁጥር ወዳንቺ የምመጣበትን ቀን በልቤ እለምን ነበር። ከእንግዲህ አልለምንም። አጥሩን እያጠበቅኩ፣ ጨው የሌለው ሽሮ እየበላሁ፣ የቻልኩትን ያህል እዚህ እቆያለሁ። ብዘገይብሽ አትቀየሚኝ።

ባልሽ ሙላት